ለማርክ የተላከ ሽማግሌ

በሾላ በር ቀበሌ ሽማግሌ የማይላክበት ነገር ቢኖር ዝናብ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዱዓ ይላክበታል። ለሚስት ሽማግሌ ይላካል፤ ለድንበር ይላካል፤ ለደም ይላካል። የሰው በሬ ገብቶ ማሽላ ቢበላ፣ የተጣሉት ባለቤቶቹ ሳይሆኑ በሬውና ማሽላው ይመስል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ እርጥብ ሣር ተይዞ፣ «አፉ ተባባሉ» ይባላል። ከአምባሰል ተራራ ሥር ያለ አገር እንዲህ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለእርቅ አንድ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። ጥሩ ነገር ነው። በጥሩ ነገር መሳቅ ደግሞ ከኔ አልተጀመረም።

ችግሩ፣ የሾላ በር ሰው ትምህርት ቤቱንም እንደ በሬው ማየቱ ነው። ሰኔ መጥቶ ልጅ ሊወድቅ ነው ሲባል፣ ለአስተማሪዋ ሽማግሌ ይላካል።

አስተማሪዋ ዙለይሃ ትባላለች፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት። አባቷ ከሐይቁ ዓሣ እያጠመደ የሚሸጥ ሰው ነው። ሾላ በር ዓሣ አይበላም፤ ስለዚህ ገና እንደመጣች ሴቶቹ ምንጭ ላይ ተሰብስበው «ዓሣ ያሳደገው ሰው ደሙ ቀዝቃዛ ነው፤ አይቆጣም» ብለው ፈረዱ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ሳታውቀው ደጋግመው ዳሯት፦ አንዴ ለርእሰ መምህሩ ለሙንተሲር፣ አንዴ ለጤና ኬላው ሠራተኛ፣ አንዴም ሪያድ አለ ለሚባል፣ ማንም አይቶት ለማያውቅ ሰው። እሷ ግን ከባሎቿ አንዱንም ሳታገኝ በአንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይታ ኖረች።

ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ከውጫሌ ባጃጅ ይያዝና፣ ባጃጁ «ከዚህ በላይ እናቴም ብትሆን አልወጣም» ብሎ ከቆመበት ወዲያ በእግር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ግቢው ውስጥ የሰፈረ ጦር ዴስኩን በሙሉ ማገዶ አድርጎታል። ቆርቆሮው በጥይት ከመበሳሳቱ የተነሣ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከዋክብት ይታያሉ። የሳይንስ መምህሩ አጋጣሚውን አላባከነም፤ ስለ ሰማይ አካላት በዚያው አስተማረ። ልጆቹ የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለው ልጅ እንደ ባለርስት ይታያል፤ ክፍል ሲጨርስ ለታናሹ ያወርሰዋል። በድንጋይ የተነሣ የተጣሉ ልጆችም ነበሩ። በሽማግሌ ታረቁ።

ዙለይሃ በመጣች በመጀመሪያው ሰኔ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ለጋብቻ የመጡ መስሏት ደንግጣ ነበር። «ለማርክ ነው» ሲሏት ሳቀች። ከዚያ ዝናብ ጀመረ። ፊት የቆሙት ሼህ አብዱልሰመድ ናቸው፤ አበጋር፣ ማለት የአገር አስታራቂ፣ እርቅን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአባታቸው የወረሱ። ሽማግሌ «እሺ» ካልተባለ አይቀመጥም። ዝናቡ ከጥምጣማቸው እየወረደ ጺማቸው ላይ ሲደርስ፣ አባቷን አሰበችና «እሺ፤ ተቀመጡ» አለች። የወደቀው ሁሉ አለፈ። በየዓመቱም እንደዚያው ሆነ። ማርክ እንደ ሰደቃ ታደለ።

ስምንተኛ ክፍል ሲደረስ ግን ፈተናው ከሩቅ ታሽጎ ይመጣል፤ ታሽጎም ይሄዳል። በዚያ ፈተና ከሾላ በር የሚያልፍ አልተገኘም። አንድ ዓመት አንድ ልጅ አለፈ ተብሎ ዱዓ ተደርጎ ነበር፤ ኋላ ሲጣራ ልጁ በመጋቢት ከውጫሌ የመጣ ነው። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው ውጤታቸው በቀለም በተነገረ ጊዜ ሾላ በር ቀይ ሆኖ መጨረሻ ወጣ። ሙንተሲር ሲመለስ «ከታች አንደኛ ነን» አለ። የሳቀለት የለም። እሱ ራሱም አልሳቀም።

ሰሚሃ የምትባለው ልጅ ታሪክ ውስጥ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የሙነወር ልጅ። ድምጿ ማር ነው፤ ክፍል ውስጥ ንባብ ሲባል የሚነሣው የሷ እጅ ነው። ያኔ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በወሬ እንጂ በአካል አይታወቅም፤ መጽሐፉ ያለው በዙለይሃ ስልክ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል። እሷ ታነባለች፣ ልጆቹ ይሰማሉ፣ ሰሚሃ ተነሥታ ትደግመዋለች። አንድ ቀን መጽሐፉ በአህያ ተጭኖ መጣ። ዙለይሃ ደስ ብሏት አንዱን ገለጠችና ለሰሚሃ ሰጠቻት።

ሰሚሃ ቆማ አነበበች። ስለ ንብ አነበበች፤ ስለ ቀፎው፣ ስለ ንግሥቲቱ፣ አንዲት ቃል ሳትስት። ዙለይሃ ጠጋ ብላ ገጹን አየች።

«ሰሚሃ፣ ይህ ሥዕል የምንድን ነው?»

«የግመል፣ ቲቸር።»

«ያነበብሽልን ስለ ምንድን ነበር?»

ልጅቱ ግመሉን አየችው። ግመሉም አያት። «ስለ ንብ» አለች፣ ድምጿ ወርዶ።

ክፍሉ አልሳቀም። ዙለይሃን ያስደነገጣት ይኸው ነው፤ በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል አንድም የሳቀ የለም። ለመሳቅ ማንበብ ይጠይቃል።

ሰሚሃ ደደብ አልነበረችም። ቁርዓን ቤት ሳለች አንዴ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች። ነገር ግን ፊደል ሊቆጠር ሲባል ኮሮና መጣ፤ ቃል ሊመሠረት ሲባል ጦርነት መጣ፤ ጥይቱ ሲቆም «አራተኛ ክፍል ናችሁ» ተባሉ። ከዚያ በኋላ በጆሮዋ ነው የተማረችው። ሌሎቹ ጆሮም አልነበራቸውም።

ዙለይሃ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሀ ሁ ጀምራ ላስተምር አለች። መንደሩ ተቀየመ።

«ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሀ ሁ? በሬ ወደ ኋላ ያርሳል እንዴ?» አለ ሙነወር።

«ሀ ሁ ካልቆጠሩ ሰባተኛ አልደረሱም፣ ጋሽ ሙነወር። የደረስን መስሎን ነው።»

«ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልለይም። ማርክ ግን እለያለሁ። ሰሚሃ ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች ጅዳ እህቷ ጋ ትሄዳለች። ራህማ ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው በሀ ሁ አይደለም።»

ወንዶቹ ልጆች ውጫሌ ገበያ ላይ «ሀ በሉ እስቲ!» ተብለው ስለተሰደቡ ቀሩ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ሀያ የምትባለው የሰሚሃ ጓደኛ አንዴ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «እኔ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ ምን አጥቼ?» ብላ ሄደች። እውነቷን ነው፤ የሀያ ጽሕፈት እንደ ዶቃ የተደረደረ ነበር። ሰሌዳ ላይ ያለውን አንድም ሳታዛንፍ ትገለብጠዋለች። ትስለዋለች ማለቱ ይሻላል፤ ምን እንደሆነ አታውቀውማ።

የቀረችው ሰሚሃ ብቻ ናት። እልኸኛ ናት። ያ ግመል አስቀይሟታል። ቅዳሜ ማለዳ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ፊደል ላይ ተክላ፣ እንደ ሽማግሌ እያሳለች አንዱን ቃል ትጎትታለች። ግንቦት ሲያልቅ ግመሉን አነበበችው። አንዱን ገጽ ለመጨረስ ረፋዱ አለቀ፤ ግን አነበበችው። ሒሳብና እንግሊዝኛው ግን አልተነሣም፤ ማርኳ ከማለፊያው ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ።

ሰኔ መጣ፤ ሽማግሌዎቹም መጡ። ሼህ አብዱልሰመድ ፊት፤ ከጎናቸው መሪጌታ ቢያድግልኝ፣ በልጅነታቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው የተማሩ፣ አሁን ንብ የሚያንቡ ቀልደኛ ሽማግሌ። ከኋላ ወላጆች፤ ሙነወርም አለ፣ የሀያ እናት መስኡዳም አለች። መስኡዳ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሀያን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ሁሉም እርጥብ ሣር ይዘዋል።

«ዙሌ፣ ልጄ፣ እንግዲህ እንደ ዓመቱ መጣን» አሉ ሼሁ።

«እንደ ዓመቱ ተቀመጡ፣ አባባ።»

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«እንግዲያው ዘንድሮ መቆሙ ሊረዝም ነው።»

ጉርምርምታ ሆነ። መሪጌታ ወደ ሼሁ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ዓሣው በገነ እንዴ?» አሉ።

«በግኗል፣ መሪጌታ» አለች ዙለይሃ። «ካቻምና ያሳለፍኋቸው ስምንተኛን ተፈትነው ስንት አለፉ?»

«አሏህ አላለውም፣ ልጄ» አሉ ሼሁ።

«አሏህን ተዉት። እኔ ነኝ ውሸት የጻፍሁት። እናንተ እኔን ትለምናላችሁ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ ፈተናው ግን እሺ አይልም። እስቲ ለሱም ሽማግሌ ላኩበት።»

«አድራሻውን ንገሪን እንጂ እንልክ ነበር» አሉ መሪጌታ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የቆመው እንደቆመ ነው።

መስኡዳ ሣሯን ከፍ አድርጋ ወጣች። «ቲቸር፣ ጀነት ግቢ፣ የኔን ልጅ ደብተር አይተሽዋል። ጽሕፈቷን ያየ ሁሉ ይገረማል። ምኗ ነው የሚወድቀው?»

ዙለይሃ «ልጅሽ ሠዓሊ ናት» ማለት ነበረባት፤ ለአንዲት እናት ግን በሰው ፊት እንዲህ አይባልም።

ሼህ አብዱልሰመድ በበትራቸው መሬቱን ጫር አድርገው መስመር አሰመሩ። ድንበር የሚያስታርቁት እንዲህ ነው። «በእርቅ ሁሉንም ይዞ የሚሄድ የለም» አሉ። «አንቺም ትንሽ ልቀቂ፣ እኛም ትንሽ እንልቀቅ። ወደ ማለፊያው የቀረበው ይለፍ፤ የራቀው ይድገም። ከሚደግሙት ወላጆች ጋር እኔ እጨርሳለሁ።»

እዚህ ላይ ዓለም ትምህርትን በማርክ ስትለካ፣ ሾላ በር ማርክን እንደ ማሳ በመስመር ገመሰው። ዙለይሃ መሳቅ ነበረባት። አልሳቀችም፤ የሰሚሃ ነገር በልቧ መጣ። ልጅቱ ልታነብ አፋፍ ላይ ናት፤ ስምንተኛ ብትገባ ማንም ጣቷን ይዞ አያስነብባትም፤ ብትደግም አንድ ዓመት ከእጇ አትወጣም። ግን ብትደግም ጅዳ ነው።

«አንድ ነገር እጠይቃለሁ» አለች። «የወደቀች ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንዳትላክ ዋስ ሁኑኝ።»

ሼሁ ዞሩ። «ሙነወር!»

«አቤት፣ ሼህ።»

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ቃል ስጣ!»

ሙነወር መሬት መሬት እያየ «የወደቀች ልጄን አልልክም፤ ወላሂ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ዙለይሃ «እሺ፤ ተቀመጡ» አለች፤ ሽማግሌዎቹ በልጆቹ ድንጋዮች ላይ ተቀመጡ።

ስላለፉት ልጆች ዋስ የጠራ የለም። ያለፈ ሰው ምን ዋስ ያስፈልገዋል?

ማርኩ ሲሠራ ሀያና ሰሚሃ መስመሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተገኙ። ወዲህም ወዲያም መሆን ይችሉ ነበር። ዙለይሃ የመስኡዳን ዓይን አስታውሳ ሀያን አሳለፈቻት፤ ሰሚሃን አስቀረቻት። ማንበብ የጀመረችዋ ወደቀች፤ ማንበብ የማትችለዋ አለፈች። ይህ ነገር ልክ የሚመስለው ሾላ በር ላይ ቆሞ ላየው ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ እዚያ ቆማ ነበር።

ክረምቱን ሰሚሃ ስሟን አጣች፤ «ደጋሚዋ» ሆነች። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ «ደጋሚዋ፣ ጀሪካኑንስ ደገምሽው?» ይሏታል። ሀያ ደግሞ ካርዷን በላስቲክ ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ ትዞራለች። በነሐሴ አንድ ደላላ መንደሩን ለመደ። ሳዑዲ ኖሮ የተመለሰ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚመጣ ሰው ነው።

«ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ሴት በአውሮፕላን ነው የምትሄደው» አለ መስኡዳ ቤት ተቀምጦ። «በረሃ ድሮ ቀረ። አዲስ አበባ ቁርሷን፣ ጅዳ ምሳዋን።»

መስኡዳ የልጇን ካርድ አወጣችለት። ደላላው አገላብጦ አየና «ማሻአላህ፣ ይቺማ ዶክተር ናት» አለ። ለሰሚሃ ደግሞ ውጭ ቆሞ «አንቺንም ስምንተኛ ብዬ አስገባሻለሁ፤ ማን ያውቃል?» አላት። ሰሚሃ ያን ክረምት መውደቋን የሚያውቁት ብዙ ሆነውባት ነበር። እሺ አለች።

ሙነወር አውቋል አላወቀም እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ሼህ አብዱልሰመድ ኋላ ጠርተው ሲጠይቁት «አልልክም አልኩ እንጂ አትሄድም አላልኩም። ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እግሯ አልሰጠም» ብሏቸዋል። ሼሁ እድሜ ልካቸውን ቃል ሲያስማሙ ኖረው፣ በዚህ ቃል ተሸነፉ።

ዙለይሃ ያኔ ሐይቅ ነበረች፤ ክረምቱን አባቷን እያገዘች። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ስትገፍ፣ ጫማዋ አንድ እግር ብቻ የሆነ ልጅ ከመንገዱ ታጥፋ መጥታ ፊቷ ቆመች። ፊቷ ከመቆሸሹ የተነሣ መጀመሪያ አላወቀቻትም።

«ቲቸር፣ አነበብሁት» አለች ሰሚሃ።

«ምኑን?»

ሰሚሃ ተቀመጠችና ነገረቻት፤ ኋላም መንደሩ ደጋግሞ ስላስነገራት እኔም የሰማሁት እንዲህ ነው። እሷንና ሀያን ከውጫሌ ሚኒባስ ውስጥ አስገቧቸው፤ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። ሐይቅን አልፈው፣ ደሴን አልፈው፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ መኪናው ታጥፎ ቁልቁል ወረደ። ሙቀት መጣ። ሀያ መስኮቱን ከፍታ ነፋስ እየፈለገች «አዲስ አበባ ቆላ ናት እንዴ?» አለች። ደላላው የላከው አጃቢ «ደረስን፣ ደረስን» አላት። ሰሚሃ እንደ ቅዳሜው ሁሉ በመንገዱ ያገኘችውን ፊደል እየጎተተች ትሄዳለች፤ አብዛኛው ሳይጨርስላት ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ግመል የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ዘጉና መኪናው ቆመ። ግመሎቹን ስታይ፣ ከግመሎቹ በላይ ሰሌዳ ቆሞ አየች። ጊዜ አገኘች። ጣቷን መስኮቱ ላይ ተክላ አነበበችው።

«ሀያ፣ ይህ ባቲ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ባቲ የበረሃው መንገድ ነው። አውሮፕላን የለም።»

ሀያ ለአጃቢው ነገረችው። አጃቢው ሳቀ። «የሱቅ ስም ነው እሱ። አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ሰባት ደግማለች» አለች ሀያ።

መኪናው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። ሰሚሃ የሀያን እጅ ያዘች። «በነቢ፣ ሀያ፣ አብረን እንውረድ። አነበብሁት እኮ።»

«እኔ ነኝ ያለፍሁት፣ አንቺ ነሽ የወደቅሽው» አለቻት ሀያ። በክፋት አልነበረም፤ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብላ ነው ያለቻት። «ባቲ ቢሆን ኖሮ እኔ አነበው ነበር።»

ሰሚሃ ሊያስመልሰኝ ነው ብላ ወረደች፤ በግመሎቹ መሀል ሮጠች፤ አንድ እግር ጫማዋ እዚያ ቀረ። ገበያ ላይ ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴት ከጆንያ ኋላ ደበቀቻትና በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ ላከቻት። ሀያ ከነካርዷ ቁልቁል ሄደች።

ዙለይሃ ቅርፊት በተለጠፈበት እጇ ስልኳን አውጥታ የሀያን ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። ደገመችው። ዛሬም ዝግ ነው። የሰሚሃ እህት ራህማ ጅዳ ሆና የምታውቀውን ሁሉ ጠየቀች፤ የየመን ባሕር የተሻገሩትንም፣ የተመለሱትንም አስጠየቀች። አየናት የሚል አልተገኘም። ደላላው ከነሽቶው ከመንደሩ ጠፋ።

መስከረም ሲጠባ ሙንተሲር ስም እየጠራ የስምንተኛን ክፍል መዘገበ። ሀያ ላይ ሲደርስ ዙለይሃን ቀና ብሎ አያት። «አቋረጠች ካልን ከላይ እንወቀሳለን፤ የሚያቋርጥ በዝቷል ተብሏል። ተዛወረች እንበል?»

«ወዴት?»

ሙንተሲር ክፉ ሰው አይደለም። ቀይ መሆን የሰለቸው ሰው ነው።

«እኔ ነኝ ያሳለፍኋት» አለች ዙለይሃ። «የፈለግኸውን ጻፍ፤ ተዛወረች ብቻ እንዳትል።»

ያን ዓመት ሰሚሃ ሰባተኛን ደገመች። ዙለይሃም የቅዳሜውን ትምህርት ቀጠለች፤ የሚመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ሰው ከአንድ ነገር ይማራል የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ የሾላ በር ልጆች በሙሉ ያን ዓመት ድንጋያቸውን ተሸክመው ቅዳሜ ይመጡ ነበር። አልመጡም። «ያ የሀያ ዕድል ነው» ተባለ፤ ሌሎችም ሁለት ሴቶች በጥር ሄዱ።

ሰኔ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወላሂ መጡ! እርጥብ ሣር ይዘው፣ ወላጅ አስከትለው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ሼህ አብዱልሰመድ አምና ከቆሙበት ዝቅ ብለው ነው የቆሙት፤ በትራቸውን ሁለት እጅ ይዘዋል። መሪጌታ ቀልድ አላመጡም።

«ዙሌ፣ ልጄ» አሉ ሼሁ፣ «ምን እናድርግ፣ ሰው ሲለምነን እንቢ ማለት አናውቅም። መጣን።»

ዙለይሃ ከክፍሉ ደጃፍ ወጥታ አየቻቸው። ሰሚሃም ከኋላዋ ቆማለች። አስተማሪዋ አፏን ሳትከፍት፣ መስኡዳ ከምንጩ ውኃ ተሸክማ በበሩ ስታልፍ አየቻቸውና ቆመች። ጀሪካኑን ከጀርባዋ አወረደች። በሽማግሌዎቹና በዙለይሃ መካከል ገብታ፣ ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ አድርጋ ቆመች።

«አምና ከናንተ ጋር ቆሜ ነበር» አለች። «ልጄን አሳልፉልኝ ብዬ ለመንኋችሁ፣ እናንተም ለመናችሁልኝ፣ አለፈች። ምነው ያኔ ጣዪልኝ ብላችሁ በለመናችሁልኝ! ደጋሚዋ ይቻት፣ ቆማ ታየኛለች። የኔዋ ያለፈችዋ የት ናት?»

ሼሁ ቀና ብለው ሰሚሃን አዩ።

«ሂዱ» አለች መስኡዳ። «ዘንድሮ እሺ የሚላችሁ የለም።»

ሾላ በር ሽማግሌ «ሂዱ» ተብሎ አያውቅም፤ በሴት አፍ ደግሞ ጭራሽ። ሙነወር አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሼሁ በክንዳቸው መለሱት። ሣራቸውን አጥሩ ሥር አስቀመጡና፣ ሳይቀመጡ፣ ቁልቁል ወረዱ። መሪጌታም ተከተሏቸው። ወላጆቹ ለጥቂት ጊዜ ቆመው ተያዩና ተበተኑ።

መስኡዳ አልሄደችም። ወደ ሰሚሃ ዞረች።

«ነይ እስቲ። ያየሽውን ጻፊልኝ።»

«ምኑን፣ እማማ?»

«ያ የመንገዱ ሰሌዳ ላይ የነበረውን።»

ሰሚሃ ዙለይሃን አየች፤ ዙለይሃ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቱ እንጨት አንሥታ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከችና፣ ጫጩት እንደጫረው በሚመስል በዚያ ጽሕፈቷ ጻፈች፤ ባ፣ ከዚያ ቲ። ቆመችና እንጨቱን ጣለችው።

መስኡዳ ሌላም የሚጨመር መስሏት ጠበቀች።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እማማ።»

«እነዚህ ሁለቱ ብቻ?»

«ሁለቱ ብቻ።»

መስኡዳ ጎንበስ ብላ አተኩራ አየቻቸው፤ ገበያ ላይ የጠፋባትን ከብት ምልክት እንደምትለይ ሰው። ከዚያ ጀሪካኑን አዝላ ተነሣች፣ ፊደላቱን እንዳትረግጥ በዳር ዞራ፣ ወደ ቤቷ ሄደች።